ስሙ እንዳይጠራ የተከለከለው ነፋስ

በዚህ እትም የታሪክ ገጻችን የሚያወራው ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ ነፋስ ነው። "ደግሞ ነፋስ ምን ታሪክ አለው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር ያልነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰች፣ አሁን በአሜሪካ መሃል አገር በአንድ የሥጋ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ደወለችልን። ካምፓችን ባለችበት በዚህ በሰሜን ኬንያ ደረቅ ምድር፣ ፀሐይ ሲበረታ ከሜዳው ላይ አቧራ እየተሽከረከረ እንደ ምሰሶ ሲቆም ሁላችንም እናውቃለን። ልጆች "ሰይጣን መጣ!" እያሉ ይሮጣሉ፤ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ያነሳል፣ ደብተር ይበትናል፣ ከዚያ ያልፋል። ልጅቷ ታዲያ "ቲቸር፣ የዚያ የአቧራ ሰይጣን አባቱ ያለው እዚህ ነው" አለችን እየሳቀች።

ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ማታ ከሥራ ገብታ ሳለ በከተማው ሳይረን ጮኸ። እሷ ጩኸት የምታውቀው ከተኩስ ጋር ነው። በሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በትልቅ መስኮት አጠገብ ካለ አልጋዋ ሥር ገብታ ተኛች። ያወጣቻት ጎረቤቷ የሆነች አሮጊት ሜክሲኳዊት ናት። በቃል አልተግባቡም። በር ደብድባ፣ እጇን ይዛ፣ እየጎተተች ከሕንፃው ሥር ወዳለው ምድር ቤት አወረደቻት። ነፋሱ የዚያን ዕለት በሌላ በኩል አለፈ። ልጅቷ ግን እንዲህ አለችን፦ "የዓለምን ረጅሙን ወንዝና ትልቁን ተራራ አስተማራችሁን። ይህንን ለምን አላስተማራችሁንም?"

እውነቷን ነው። አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ ላይ የስደተኞችን ቅበላ ካቋረጠች ወዲህ የብዙዎቻችን ጉዳይ ቆሟል። ቀደም ብለው የሄዱት ልጆቻችንና ወንድም እህቶቻችን ግን እዚያው ናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለእሷ ጥያቄ መልስ ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርገነዋል።)

ቶርኔዶ ምንድን ነው?

ቶርኔዶ ከከባድ ነጎድጓዳማ ደመና ሥር ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በኃይል የሚሽከረከር የነፋስ ዓምድ ነው። የእኛ የአቧራ ሽክርክሪት ከሞቀ መሬት ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደመና አያስፈልገውም። ቶርኔዶ ግን የደመና ልጅ ነው። በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ ላይ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከምዕራብ ከሚመጣ ደረቅ አየርና ከላይ ካለ ቀዝቃዛ አየር ጋር ይገናኛል። ከታች ያለው ነፋስና ከላይ ያለው ነፋስ በፍጥነትም በአቅጣጫም ሲለያዩ ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። እንዲህ ያለ ደመና ሁሉ ቶርኔዶ አይወልድም፤ ከወለደ ግን በጣም ኃይለኞቹ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ነፋስ አላቸው። ሰውን በአብዛኛው የሚገድለው ነፋሱ ብቻውን አይደለም። ነፋሱ የሚወረውረው ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ ጡብና መስታወት ነው። ይህን ያዙልን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

የተከለከለው ቃል

በ1870ዎቹ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ሥር ነበር። በዚህ ክፍል ውስጥ ጆን ፊንሊ የሚባል ወጣት ወታደር ነበር። በ1879 በካንሳስና በአካባቢው ብዙ ቶርኔዶዎች በደረሱ ጊዜ ጉዳቱን እንዲያጠና ተላከ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሳይተወው ቀረ። በ1882 የ600 ቶርኔዶዎችን ታሪክ ሰብስቦ አሳተመ። በ1884 ደግሞ ቶርኔዶ ሊመጣ የሚችልበትን ቀንና አካባቢ አስቀድሞ ለመተንበይ ሙከራ ጀመረ። በየመንደሩ ያዩትን የሚጽፉለት ከ2 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩት። ኮምፒውተር የለ፣ ራዳር የለ፤ እርሳስ፣ ወረቀትና ቴሌግራፍ ብቻ።

ታዲያ ምን ሆነ? በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ ከበላይ አለቆች ትእዛዝ መጣ። "ቶርኔዶ" የሚለው ቃል በትንበያ ውስጥ እንዳይጻፍ ተከለከለ። ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ትንበያው ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት ሕዝቡን በከንቱ ያስደነግጣል፤ ድንጋጤው ከነፋሱ የበለጠ ሰው ይጎዳል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ "ይህ አካባቢ የቶርኔዶ አገር ነው" ከተባለ ነጋዴና ሰፋሪ ይሸሻል የሚል ነው። አገልግሎቱ ከጦር ሠራዊቱ ወጥቶ ለሲቪል መሥሪያ ቤት ከተሰጠ በኋላም ክልከላው ቀጠለ። እስከ 1938 ድረስ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማለት ነው፣ በኦፊሴል ትንበያ ላይ ቃሉ አልተጻፈም።

ነፋሱ ግን ስሙ ስላልተጠራ አልቀረም።

ማርች 18 ቀን 1925

የዚያን ዕለት የወጣው ትንበያ ስለ ዝናብና ስለ ነፋስ የሚያወራ ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የተነሳ ቶርኔዶ ኢሊኖይን አቋርጦ እስከ ኢንዲያና ሄደ። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ መሬት ሳይለቅ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በፈረስ ቀርቶ በዚያ ዘመን መኪናም የሚያመልጡት አልነበረም። በዝናብና በአቧራ ስለተሸፈነ ብዙ ሰው ቶርኔዶ መሆኑን እንኳ አላወቀም፤ ጥቁር ደመና መሬት ለመሬት የሚመጣ ነበር የመሰላቸው። 695 ሰዎች ሞቱ። መርፊስቦሮ በምትባለው ከተማ ብቻ 234።

ለእኛ ለመምህራን ከሁሉ የሚከብደው ደ ሶቶ የምትባለው ትንሽ ከተማ ነች። ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ሕንፃ በላያቸው ተደረመሰና 33 ሰዎች እዚያው ሞቱ። ከዚያ ቀደም ብሎ ነፋሱ ከተሞችን እየደመሰሰ መጥቷል፤ ነገር ግን ወሬው ከነፋሱ ቀድሞ አልደረሰም። የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አልነበረምና። እንዳይኖር የተደረገው ደግሞ "ሕዝብ እንዳይደነግጥ" ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር መናገር አለብን

ይህን ታሪክ ስናነብ በአለቆቹ ለመፍረድ ቸኩለን ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለንና አፈርን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዝናብ ወቅት፣ ፍየል የሚጠብቁ የአካባቢው ሰዎች ከሰዓት በኋላ መጥተው "ከላይ ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ላጋው ዛሬ ሌሊት ይሞላል" ብለውን ነበር። ላጋ ማለት በካምፑ አጠገብ የሚያልፈው ደረቅ የወንዝ መንገድ መሆኑን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። እኛ መምህራን ተሰብስበን ተመካከርን። "ልጆቹ ይረበሻሉ፣ ፈተናም ደርሷል፣ ደግሞ ወሬ ብቻ ሊሆን ይችላል" አልንና ዝም አልን። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። ነገር ግን ወንዙ ዳር ያሉ ቤቶች ፈረሱ፣ የወር ራሽን ዱቄት ጭቃ ሆነ፣ የስንት ልጅ ደብተር ሄደ። በነጋታው አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እግሩ በጭቃ እንደተለወሰ መጥቶ "ቲቸር፣ ትናንት ሰምታችሁ ነበር ይባላል። እውነት ነው?" አለን።

መልስ አልነበረንም። እንግዲህ የቶርኔዶን ታሪክ የምናነበው እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም።

አምስት ቀን

የቃሉ መመለስ የጀመረው በኦክላሆማ ነው። ማርች 20 ቀን 1948 ማታ ቲንከር በሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር ላይ ቶርኔዶ ወድቆ ብዙ አውሮፕላኖችን ሰባበረ። የዚያን ማታ ትንበያ ስለ ቶርኔዶ ምንም አላለም። የሰፈሩ አዛዥ ጄኔራል ተቆጥቶ ፋውቡሽና ሚለር የሚባሉ ሁለት የአየር ሁኔታ መኮንኖችን "ይህ ነገር አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል ወይ?" ብሎ እንዲያጠኑ አዘዛቸው። የድሮ ካርታ እያወጡ ሲመረምሩ ቶርኔዶ የወደቀባቸው ቀኖች ተመሳሳይ መልክ እንዳላቸው አዩ።

በአምስተኛው ቀን፣ ማርች 25፣ ካርታው ያንኑ መልክ ያዘ። ሁለቱም ፈሩ። በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ቶርኔዶ በአንድ ቦታ ይወድቃል ብሎ ማን ይጽፋል? ከተሳሳቱ መሳቂያ መሆናቸው ነው። ሆኖም ጻፉት። አውሮፕላኖች ተሸፈኑ፣ ሰዎች ደኅና ወደሆነ ቦታ ተወሰዱ። ከቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ቶርኔዶው መጣ፤ እዚያው ሰፈር ላይ። ንብረት ጠፋ፤ የሞተ ሰው ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አስቸጋሪ ሆነ። በ1950 የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሠራተኞቹ ቃሉን በትንበያ ከመጠቀም እንዳይከለከሉ ጻፈ። በ1952 ለሕዝብ የሚነገር የቶርኔዶ ትንበያ ተጀመረ። በ1953 በዌኮ፣ በፍሊንትና በዉስተር ከተሞች የደረሱት ሦስት ቶርኔዶዎች ብቻ ከ300 በላይ ሰው ሲገድሉ፣ ራዳርና የበጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች መረብ በፍጥነት ተስፋፋ። ጠባቂዎቹ የድሮው የፊንሊ ሐሳብ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ከ1925 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር በአሜሪካ በቶርኔዶ የሚሞተው ሰው ከአሥር እጥፍ በላይ ቀንሷል። ነፋሱ አልደከመም። ሰው መስማት ስለጀመረ ነው።

በልማድ የታመኑ ውሸቶች

ማስጠንቀቂያ ብቻ ግን አይበቃም። ሰው ሰምቶ ወዴት ይሂድ? እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ የተሳሳተ ትምህርት ነበር፤ ከፊሉም በመጽሐፍ የተጻፈ ነበር።

የመጀመሪያው "እኛን አይነካንም" የሚለው ነው። በቴክሳስ የዌኮ ሰዎች ከተማቸው በኮረብታ ስለተከበበች ቶርኔዶ አይገባም ይሉ ነበር። በሜይ 11 ቀን 1953 ገብቶ 114 ሰው ገደለ። በካንሳስ የቶፒካ ሰዎችም በርኔት የሚባለው ጉብታ ከተማቸውን ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። በጁን 8 ቀን 1966 ቶርኔዶው በዚያው ጉብታ ላይ ተሻግሮ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ቀደዳት። እዚያ ግን ጠባቂዎች ጉብታው ላይ ቆመው አይተው ስለነበርና በሬዲዮና በቴሌቪዥን አጥብቆ ስለተነገረ፣ የሞተው ሰው ከ20 አልበለጠም።

ሁለተኛው "ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ሂዱ" የሚለው ነው። ቶርኔዶ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ፍርስራሹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይበራል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከቶፒካ በኋላ ጆ ኢግልማን የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የፈረሱትን ቤቶች አንድ በአንድ አየ። ያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ ነፋሱ መጀመሪያ የሚመታው ያንኑ ጥግ ስለሆነ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወድቅበታል። ስንት ዓመት ሲነገር የኖረ ምክር ሰውን ወደ አደጋው ይልክ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው "መስኮት ክፈቱ፤ አለበለዚያ ቤቱ እንደ ፊኛ ይፈነዳል" የሚለው ነው። በ1970 ላቦክ የምትባለው የቴክሳስ ከተማ በቶርኔዶ ተመትታ 26 ሰው ሞተባት። እዚያው ከተማ ያለው የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ፍርስራሹን ሲያጠኑ ቤት የሚፈርሰው ነፋስ ገብቶ ጣሪያውን ከታች ሲገፋና ከላይ ሲያነሳ መሆኑን አዩ። መስኮት መክፈት ነፋሱን ግባ ብሎ መጋበዝ ነው፤ ደግሞም ሰውየውን መስታወት ፊት ያቆመዋል። እነዚሁ ሰዎች ሌላም ነገር አስተዋሉ፤ ቤቱ ሁሉ ፈርሶ መሃል ያለች ትንሽ ክፍል፣ መታጠቢያ ወይም የልብስ ማስቀመጫ፣ ብዙ ጊዜ ቆማ ትገኛለች። ከዚህ በመነሳት በቤት ውስጥ የሚሠራ ጠንካራ ትንሽ የመጠለያ ክፍል ሐሳብ በ1970ዎቹ መጣ፤ በ1998 ደግሞ መንግሥት የአሠራሩን መመሪያ አወጣለት።

አራተኛው የድልድዩ ነው። በ1991 በካንሳስ አውራ ጎዳና ላይ ጥቂት ሰዎች በድልድይ ሥር ተጠልለው ሲተርፉ በፊልም ተቀረጸ። ፊልሙ በቴሌቪዥን በየቦታው ታየ፤ ሰውም "ድልድይ መጠለያ ነው" ብሎ ያዘ። በሜይ 3 ቀን 1999 በኦክላሆማ ብዙ ሰዎች እንደዚያ አደረጉ፤ ሦስት ሰዎች በሦስት የተለያዩ ድልድዮች ሥር ሞቱ። ድልድይ ነፋሱን አጥብቦ ያፈጥነዋል፤ የሚበረውም ቆሻሻ ሁሉ በዚያ ያልፋል። አንድ ሰው ተርፏል ማለት መንገዱ ትክክል ነበር ማለት አይደለም።

ሦስት ትምህርት ቤቶች

ደ ሶቶን አይተናል። ሁለተኛው በኦሃዮ ያለው የዚኒያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በኤፕሪል 3 ቀን 1974፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 148 ቶርኔዶዎች በ13 ክፍለ ግዛቶች በወደቁበት ጊዜ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ቴአትር ይለማመዱ ነበር። አንዲት ተማሪ ቶርኔዶውን ከውጭ አይታ ነገረቻቸው። ልምምዱን ጥለው ወደ መሃል ኮሪደር ሮጡና ተንበርክከው ራሳቸውን ሸፈኑ። ነፋሱ ካለፈ በኋላ ሲወጡ፣ ቆመውበት የነበረው መድረክ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ወድቆበት ነበር። ልጆቹ ተርፈዋል። የአንዲት ተማሪ ቃልና ጥቂት እርምጃ ነው ያዳናቸው።

ሦስተኛው ያሳዝናል። በሜይ 20 ቀን 2013 ሙር በምትባለው የኦክላሆማ ከተማ ፕላዛ ታወርስ በተባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰባት ልጆች ሞቱ። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቷል፤ መምህራኑም ልጆቹን በላያቸው ተኝተው ሸፍነዋል። ሕንፃው ግን የመጠለያ ክፍል አልነበረውም። ከቃል ቀጥሎ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ለመሥራት ደግሞ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ገንዘብና ውሳኔ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ቃሉ ያልደረሳቸው

እኛን ስደተኞችን በጣም የሚመለከተን የሳራጎሳ ታሪክ ነው። ሳራጎሳ በምዕራብ ቴክሳስ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። በሜይ 22 ቀን 1987 ማታ በመንደሩ አዳራሽ የትናንሽ ሕፃናት የምረቃ በዓል ነበር። ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ ግን በመንደሯ ሳይረን አልነበረም፣ ብዙዎቹ የሚያዩት የስፓኒሽ ቴሌቪዥን ከሩቅ የሚተላለፍ ስለሆነ የአካባቢውን ማስጠንቀቂያ አይናገርም። በኋላ ያጠኑት ሰዎች እንደጻፉት፣ በስፓኒሽ ሬዲዮ የተነገረውም ቢሆን "ማስጠንቀቂያ" የሚለውን ቃል ተራ ማስታወቂያ በሚመስል ቃል ነበር የተረጎመው። ሠላሳ ሰው ሞተ፤ ሃያ ሁለቱ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን በሰውነታቸው ሸፍነው ነው የሞቱት።

በቁጥር ከሁሉ የከፋው ደግሞ በአሜሪካ አይደለም የደረሰው። በኤፕሪል 26 ቀን 1989 በባንግላዴሽ ማኒክጋንጅ አውራጃ፣ ዳውላትፑርና ሳቱሪያ በሚባሉት አካባቢዎች 1,300 ያህል ሰው በአንድ ቶርኔዶ ሞተ። ቤቶቹ የጭቃ፣ የቀርከሃና የቆርቆሮ ነበሩ። የእኛን ቤቶች ይመስላሉ ማለት ነው። ነፋሱ ከታሪክ ሁሉ ኃይለኛው ስለሆነ አልነበረም ይህን ያህል ሰው ያለቀው፤ ሕዝቡ የተጨናነቀ፣ ቤቱ ደካማ፣ ማስጠንቀቂያውም ስላልነበረ ነው።

የሰሙም ሁልጊዜ አይድኑም። በሜይ 22 ቀን 2011 በሚዙሪ በጆፕሊን ከተማ የመጀመሪያው ሳይረን የጮኸው ነፋሱ ከመድረሱ ከሃያ ደቂቃ በላይ ቀድሞ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው "ሁልጊዜ ይጮሃል" ብሎ፣ ወይም በዓይኑ ለማየት ወጥቶ፣ ወይም ሁለተኛ ምልክት ሲጠብቅ ጊዜው አለፈ። 158 ሰው ሞተ። አለቆች ቃል ሲደብቁ ሕዝብ ይሞታል፤ ሕዝብ ቃል ሲንቅም እንዲሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እዚያ ላሉ ወገኖቻችን በስልክ የምትነግሩት ይህ ነው፦

- ሁለት ቃላት ለዩ። "ቶርኔዶ ዎች" ማለት "ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ" ነው። "ቶርኔዶ ዋርኒንግ" ማለት "ታይቷል ወይም በራዳር ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ" ነው። መልእክቱ በእጅ ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ እነዚህን ሁለት ቃላት ሽማግሌዎችም ሕፃናትም ይወቋቸው።
- ወደ ታች ውረዱ። ምድር ቤት ካለ እዚያ፤ ከሌለ በታችኛው ፎቅ መስኮት በሌላት መሃል ክፍል ወይም ኮሪደር። በእናንተና በውጭው መሃል ግድግዳ ይብዛ።
- ራስና አንገት ይሸፈን። ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የብስክሌት ቆብ ቢሆን። ጫማ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ የምትረግጡት መስታወትና ሚስማር ነው።
- በጎማ ላይ የሚጎተት ዓይነት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ቀደም ብሎ ይውጣ፤ ወዴት እንደሚሄድም በደህና ቀን ይወስን።
- መንገድ ላይ የተገኘ ሰው በአቅራቢያ ያለ ጠንካራ ሕንፃ ይፈልግ። ድልድይ ሥር አይግባ።
- ካለፈ በኋላ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አትንኩ፤ ጋዝ ከሸተተ ክብሪት አትጫሩ፣ ከቤቱም ውጡ።

እዚህ ለምንኖረው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። አደጋ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። ቶርኔዶ ሲሆን ወደ ታች ነው፤ ላጋው ሲሞላ ግን ወደ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ከባድ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ይበራል፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ብቻ ከመጫን ይልቅ በሽቦ ማሰር ይሻላል። መብረቅ ሲኖር ከብቸኛ ዛፍ ሥር አትቁሙ።

ለመዝጋት ያህል

ከዩኒቨርሲቲ ሳንጨርስ የወጣን መምህራን ነን፤ የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች አይደለንም። ከዚህ ታሪክ የተማርነው ግን አንድ ነገር ነው። ሰው ከግድግዳ በፊት የሚጠለለው በቃል ነው። ቃሉ መነገር አለበት፣ በጊዜው መነገር አለበት፣ ሰሚው በሚገባው ቋንቋ መነገር አለበት፣ እውነትም መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደ ሶቶ፣ ሳራጎሳና የድልድዮቹ ሥር ይመሰክራሉ። ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ዛፉ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ታውቁታላችሁ፤ ደወላችን ነው። ከዚያ ጎርፍ በኋላ ደንብ አውጥተናል። ላጋው ሊሞላ ነው የሚል ወሬ ከሰማን ሦስት ጊዜ ደጋግመን እንመታዋለን፤ የሰማነውንም እንደሰማነው በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሶማሊኛና በአረብኛ እንናገራለን። እስካሁን ሁለት ጊዜ መተን ውሃው አልመጣም። ልጆች ስቀውብናል፣ አንዳንድ ወላጆችም እንቅልፍ ነሳችሁን ብለው ተቆጥተዋል። ይሳቁ። "ሰምታችሁ ነበር ወይ?" የሚል ልጅ ፊት ዳግመኛ ከመቆም ይሻላል።

ለክፍል ውይይት

1. የአየር ሁኔታ አለቆች "ሕዝብ ይደነግጣል" ማለታቸው ምን ያህል ትክክል ነበር? ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ስጡ።
2. በሠፈራችሁ "እኛን አይነካንም" የሚባል አደጋ አለ? ምንድን ነው?
3. በብሎካችሁ ስንት ቋንቋ ይነገራል? አደጋ ቢመጣ ማን ለማን በምን ቋንቋ ይናገራል? በቡድን ሆናችሁ ዝርዝር አውጡና ለክፍል መምህራችሁ ስጡ።

ቸር ወሬ ያሰማን።